የእግር ሌባ ጣት

«የትኛው ጣትዎ ነው?»

ዘሊካ ያን ዕለት ይህን ጥያቄ መመለስ አልቻለችም። ዓይኗን ጨፍና፣ እግሯን ዘርግታ በሆስፒታሉ አልጋ ላይ ተቀምጣለች። ምናለ የሚባለው ወጣት ነርስ ከፊቷ ቁጢጥ ብሎ በቀጭን የናይለን ክር የእግሯን ጣቶች ይነካካል። መጀመሪያ ላይማ «ይሰማዎታል?» ብሎ ሲጠይቃት አላመነታችም ነበር።

«በደንብ ይሰማኛል» አለችው። ድምፁ ጥርት ያለ ነበራ።

«አሁንስ?»

«አሁንም ይሰማኛል የኔ ልጅ። እኔ ጆሮዬ ደህና ነው።»

ምናለ ክሩን እንደያዘ ቀና አለ። አጠገቧ የቆመችው ልጇ ጁማና ሳቋን በሻርፗ ሸሸገች። ምናለ ጥያቄውን የለወጠው ከዚያ በኋላ ነው።

ዘሊካ አሰበች። የእጅ ጣት ቢሆን አንድ በአንድ ትጠራለች፦ አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ የመሃል ጣት፣ የቀለበት ጣት፣ ትንሿ ጣት። ለእግር ጣት ግን ስም ያወጣለት ማን ነው? ላም እንኳ ስም ይወጣላታል፤ የእግር ጣት እንደ ወንዝ ዳር ጠጠር ዝም ብሎ የተደረደረ ነገር ነው።

«ስም አላቸው እንዴ?» አለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

ምናለ አልሳቀም። ክሩን አስቀመጠና አጠገቧ ተቀመጠ።

ወደ ሆስፒታል ያመጣቸው ነገር ራሱ ሳቅም ለቅሶም ያልለየለት ነው። ባለፈው ጁምዓ ዘሊካ ቤት ውስጥ የሚቃጠል ነገር ሸተታት። ምንጣፉን ገለበጠች፣ ድስቱን ከፍታ አየች፣ በመጨረሻም በአጥሩ በኩል ጎረቤቷን በለጡን ተጣርታ «አንቺ፣ ቤትሽ ምን እያረረ ነው?» አለቻት። በለጡም የራሷን ቤት በርብራ ስታበቃ ፍለጋውን ልታግዝ መጣች። ሁለቱ ሴቶች ሽቅብ እያነፈነፉ ከጓዳ ሳሎን ሲመላለሱ ጁማና ከገበያ ገባችና «እማ፣ እግርሽ!» ብላ ጮኸች። ከምድጃ የተፈናጠረ ፍም ከዘሊካ የፕላስቲክ ጫማ ሥር ተጣብቆ፣ ጫማውን አልፎ ተረከዟን እየበላ፣ የሚሸተውን ነገር አብሯት ሲፈልግ ኖሯል።

«ስኳሩ ነው እናት» አላት ምናለ። «የእግርዎን ነርቭ ጎድቶታል። ነርቭ ማለት ከእግር ወደ አንጎል ወሬ የሚያደርስ መልእክተኛ ነው። የእርስዎ መልእክተኛ ደክሟል።»

«ታዲያ ሌሊት ሌሊት ምንም ሳይነካኝ እግሬ እንደ ምጣድ የሚግለው ለምንድን ነው? ያኔ ወሬውን የሚያመጣው ማን ነው?»

«ያው እሱ ነው። ሲደክም የሆነውን ይተውና ያልሆነውን ያወራል።»

ዘሊካ ራሷን ነቀነቀች። እንዲህ ያለ መልእክተኛ በሰፈሯም ሞልቷል።

ምናለ የሚቃጠለውን የሚያስታግስ ኪኒን እንደሚታዘዝላት፣ ስኳሩን ከተቆጣጠሩት እንዳይብስ ማድረግ እንደሚቻል ነገራት። የጠፋው ስሜት ግን ይመለሳል ብሎ እንደማይዋሻት ጨመረ። «በየቀኑ እግርዎን ይዩ። ከላይ፣ ከሥር፣ በጣቶቹ መካከል። ባዶ እግርዎን አይሂዱ። እሳትና ፍል ውሃ አያስጠጉ።»

ዘሊካ በአንድ ጆሮዋ ሰማችው። በሌላው ጆሮዋ የልጇን አተነፋፈስ ታዳምጥ ነበር። ጁማና በሒሳብ ተመርቃ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራ ስትጠብቅ የቤቱን ግድግዳ ስታይ ኖራ፣ በቅርቡ ነው ደሴ አካባቢ ለመምህርነት የተመደበችው። እስከ ወሩ መጨረሻ ሄዳ ሪፖርት ካላደረገች ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ሻንጣዋም ተዘጋጅቷል።

ከሆስፒታሉ በር ሳይርቁ ጁማና ቆመች።

«ወላሂ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ጣትሽን ለይተሽ እስክትነግሪኝ ድረስ ከዚህ አገር አልወጣም!»

«አንቺ ልጅ፣ በአላህ ስም አትማይ!»

«ማልኩ እኮ።»

ዘሊካ ልጇን ታውቃታለች። ቃሏ እንደ ድምር ነው፤ አንዴ ከተሰመረበት አይሰረዝም። ያን ዕለት እግሯ ሳይሆን ሆዷ ተቃጠለ። ልጅቷ የእናቷን ጣት ስትጠብቅ የራሷ ዕድል ያመልጣታል።

ሆኖም ዘሊካ ከሰዓት በኋላ የጎልማሶች ትምህርት ስለምትማር አንድ ነገር ታውቅ ነበር። ያልተመለሰ ጥያቄ ተጠንቶ በሌላ ቀን ይመለሳል። ምናለ አይመለስም ያለው ስሜቱን ነው። መልሱን ማን ከለከለ?

መጀመሪያ ጣቶቹ ስም ያስፈልጋቸው ነበር። ሊጠይቋት የመጡት ሰዎች ለዚህ ጉዳይ ተሰበሰቡ። በለጡ አለች፤ ለሰፈሩ ልጆች ቁርዓን የሚያስቀሩት ሸህ ሷሊህ አሉ፤ ንብ አርቢው አያ አራጌም አሉ።

«አውራዋ ትታወቃለች» አለች በለጡ። «ቀጥላ ያለችው ሌባ ጣት ናት።»

«አስተግፊሩላህ!» አሉ ሸህ ሷሊህ። «እኛ ዘንድ እሷ የሸሃዳ ጣት ናት። የአላህን አንድነት የምንመሰክርባትን ጣት ሌባ ትያታለሽ?»

«ሸሆቹ፣ እሱ የእጁ ነው» አለች ዘሊካ። «በእግሬ መስክሬ አላውቅም።»

ሸህ ሷሊህ ጢማቸውን አሻሹ። «እሱስ እውነት ነው። በእግር አይመሰከርም።»

«በእግርስ ይሰረቃል?» አሉ አያ አራጌ።

«ሌባ በምኑ ነው የሚሮጠው ታዲያ?» አለች በለጡ።

 የእግር ሌባ ጣት በዚሁ ጸደቀች። የመሃሏም አላከራከረችም። የቀለበቷ ላይ ሲደርሱ ግን ነገሩ እንደገና ከረረ። በከተማቸው በመካነ ሰላም በእግሩ ጣት ቀለበት ያሰረ ሰው ማንም አይቶ አያውቅም።

«ቀለበት ካላገኘች ያላገባችው እንበላት» አሉ አያ አራጌ።

«እኔን ነው?» አለች ጁማና ከጓዳ።

«ኧረ የእናትሽን ጣት ነው! አንቺማ ጊዜሽ ገና ነው፣ አብሽሪ!»

ስም ከተገኘ በኋላ የቀረው ስሜቱን መቀስቀስ ነበር። በማግስቱ በለጡ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ያጨደችውን ሳማ በጨርቅ ጠቅልላ መጣች። ሳማ የደነዘዘ ደም ይቀሰቅሳል፤ እናቷ የነገረቻት ነው። ዘሊካ እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅላ ምስር መልቀም ጀመረች። በለጡ በሳማው ትገርፍ ጀመር። ላብ እስኪያጠምቃት ገረፈች።

«እስቲ ጀምሪያ» አለች ዘሊካ፣ ከምስሩ ቀና ሳትል።

«ጨርሻለሁ እኮ!»

የዘሊካ እግር ሽፍ ብሎ ቀልቷል፤ ዘሊካ ግን የማን እግር እንደሆነ አታውቅም። በለጡ በበኩሏ ጨርቁ ስለተፈታባት ሁለት እጇ እንደ ዳቦ ተነፋ። ታካሚዋ ተነሥታ የሐኪሟን እጅ አጠበች፣ ቅቤ ቀባች፣ ምሳዋንም አጎረሰቻት።

«ሳማ ያላሰማውን ማን ያሰማዋል?» አሉ አያ አራጌ ይህን ሲሰሙ። ከዚያም ለራሳቸው መለሱ። «ንብ።»

የንብ መርዝ ነርቭ እንደሚያነቃ ከሬዲዮ ሰምተዋል። ንቦቹን በቅል አድርገው፣ አፉን በሣር ወትፈው አመጡ። ሸህ ሷሊህም ነገሩ ያለ ዱዓ እንዳይጀመር መጡ፤ ባዶ እጃቸውንም መምጣት ስላልፈለጉ የጥቁር አዝሙድ ዘይት ይዘው የዘሊካን እግር እስከ ቁርጭምጭሚቷ አስቀቧት። ንብ ግን የጥቁር አዝሙድ ሽታ አትወድ ኖሯል፤ ወይም እነዚያ ንቦች አልወደዱም። ሣሩ ሲነሣ ወጥተው የዘሊካን እግር አንዴ ዞሩና ተጸየፉት። አያ አራጌን ጆሯቸው ላይ፣ ሸህ ሷሊህን ከንፈራቸው ላይ ነደፉ። ሸሁ የጀመሩትን ዱዓ በልባቸው ጨረሱ።

አንዲት ንብ ብቻ እግሯ ላይ አረፈች። ከጣት ጣት እየተሻገረች እንደ መርማሪ ሄደች።

«ዓይንሽን ጨፍኚ!» አለች በለጡ ከጠረጴዛ ሥር ሆና። «የትኛዋ ላይ ናት?»

ዘሊካ ጨፈነች። ልቧን ሁሉ ወደ እግሯ ላከች። «ሄዳለች» አለች በመጨረሻ።

«ኧረ አልሄደችም፣ ያላገባችው ላይ ተቀምጣለች!»

ወሩ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ዘሊካ ማንንም ሳትጠራ ለብቻዋ ወሰነች። ጨውና ፍል ውሃ ያላዘዘላት ሰው አልነበረም። ምናለ አያስጠጉ ማለቱን አልረሳችውም። ነገር ግን ምናለ የሚያውቀው ሕመሙን ነው፤ እንደ ሻንጣ ተቆልፋ የተቀመጠች ልጅ ያለችው እሱ ቤት አይደለም። ጁማና ወረዳ ጽሕፈት ቤት ሄዳ ነበር። ዘሊካ ውሃውን አፍልታ በሳፋ ገለበጠች፣ ጨው በተነች፣ ግራ እግሯን ነከረች። አላቃጠላትም። «ቀዝቅዞብኛል» ብላ ከማንቆርቆሪያው ቀሪውን ጨመረችበት። ደስም አላት። እንዲህ ያለ የማያም መድኃኒት አግኝታ አታውቅም።

እግሯን ስታወጣው ቆዳው እንደ ረጠበ ወረቀት ተንሸራተተ።

ጁማና ያገኘቻት ወለሉ ላይ ተቀምጣ እግሯን በመገረም ስታየው ነው። ባጃጅ ጠርታ ሆስፒታል አደረሰቻት። ምናለ ቁስሉን አጥቦ በፋሻ አሰረው።

«እናት» አለ በመጨረሻ። «እግርዎ ዝም አለ ማለት ደህና ነኝ አለ ማለት አይደለም። እንዲህ ያለ ቁስል ካመረቀዘ እግር ያስቆርጣል። ይገባዎታል?»

«ይገባኛል» አለች። ይሰማኛል ለማለት አልደፈረችም።

ጁማና እናቷን ደግፋ ቤት አስገባቻት። ከዚያ ሻንጣዋን ከፈተች። ልብሶቿን አንድ በአንድ አውጥታ መደርደሪያው ላይ መለሰቻቸው። የመጨረሻውን ቀሚስ አጥፋ ስታስቀምጥ ዘሊካ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከፍሙም፣ ከሳማውም፣ ከፍል ውሃውም ያልተሰማት ሕመም ያኔ ተሰማት፤ የትኛው ቦታ ላይ እንደሆነም በደንብ ለየችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘሊካ እግሯን ፈራችው። ጠዋት ጠዋት የጁማናን ትንሽ መስታወት ትወስድና መሬት ላይ አስቀምጣ የማታየውን የእግሯን ሥር ታያለች፤ ጣቶቿን እየለያየች መካከላቸውን ትፈትሻለች። እንደ ጠባቂ ነው የምታየው። ይህን ግን ለማንም አልተናገረችም፤ ማየት መድኃኒት ነው ብሎ የሚያምናት ማን አለ?

ቁስሉ እየሻረ ሄደ። ወሩም እያለቀ ሄደ። በለጡ የመጨረሻውን ዘዴ ይዛ መጣች።

«ዘሊካዬ፣ ማጥናት ካልሆነ መቅዳት ነው» አለቻት በሹክሹክታ። «ጁማና ስትነካሽ እኔ እዚያ ተቀምጬ አይቼ እነግርሻለሁ። ከሳልኩ አውራዋ ናት። ካነጠስኩ ሌባዋ። ካዛጋሁ የመሃሏ። ‹እሰይ› ካልኩ ያላገባችው። ከተነፈስኩ ትንሿ።»

«ሸሆቹ፣ ኃጢአት ነው?» አለች ዘሊካ።

«እኔ ምንም አልሰማሁም» አሉ ሸህ ሷሊህ፣ የከንፈራቸው እብጠት ገና በቅጡ ሳይጎድል። አልሰማሁም ካሉ በኋላ ግን ፈተናው መቼ እንደሆነ ጠየቁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሆነ። ጁማና ምንጣፉ ላይ ተቀመጠችና የእናቷን ቀኝ እግር ጭኗ ላይ አደረገች። በለጡ ከበሩ አጠገብ፣ ሸህ ሷሊህና አያ አራጌ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ዘሊካ ዓይኗን ጨፈነች።

ሳል ተሰማ።

«አውራዋ» አለች ዘሊካ።

ማዛጋት ተሰማ፤ አፏ እስከ ጆሮዋ የተከፈተ ሰው ማዛጋት።

«የመሃሏ።»

«ማሻ አላህ!» አሉ ሸህ ሷሊህ። ይህ በስምምነቱ ውስጥ ስላልነበረ ዘሊካ ትንሽ ደነገጠች።

«እሰይ» አለች በለጡ።

«ያላገባችው!»

ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። ዘሊካ «ትንሿ» አለች።  ቤቱ ጸጥ አለ። ሳል የለም፣ ትንፋሽ የለም። ዘሊካ ጠበቀች። ከዚያም ከመስኮቱ በኩል ቤቱን የሚያናውጥ ማንጠስ መጣ።

«ሌባዋ!» አለች ዘሊካ በደስታ። «ሌባዋ ናት! ጨረስኩ!»

«አልነካሁሽም እኮ፣ እማ» አለች ጁማና።

ዘሊካ ዓይኗን ገለጠች። የጁማና ሁለት እጆች ወደ ላይ ተነሥተው አየር ላይ ናቸው። በለጡ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍናለች። አያ አራጌ አፍንጫቸውን ይጠርጋሉ።

«ጉንፋን ይዞኝ ነው» አሉ። «የእውነት ነበር ያነጠስኩት።»

ጁማና መሳቅ ጀመረች። ሳቋ ሳይቋረጥ ወደ ልቅሶ ዞረ፤ እንባዋን በመዳፏ ስትጠርግ ትንሽ ልጅ መሰለች። «ይሄን ያህል እንድሄድልሽ ነው የምትፈልጊው?»

«ይሄን ያህል እንድትሄጂ ነው የምፈልገው» አለች ዘሊካ።  «ስሚኝ ልጄ። እግሬ አይሰማም። ወደፊትም አይሰማ ይሆናል። ሐኪሙ በመጀመሪያው ቀን ነግሮኛል፤ ጆሮዬ ደህና ሆኖ ያልሰማሁት እኔ ነኝ። አንቺ ደግሞ ዓይንሽን ጨፍነሽ ንገሪኝ ብለሽ ማልሽ። ለምን ብዬ ነው የምጨፍነው? በዚህ እግር ላይ ቆሜ ዓይኔን ጨፍኜ የምኖር ይመስልሻል? ንኪኝ። አሁን ዓይኔን ገልጬ ንኪኝ።»

ጁማና አመነታችና ነካቻት።

«አውራዋ። ሌባዋ። የመሃሏ። ያላገባችው።» ዘሊካ ጎንበስ አለች። «ይህቺ ትንሿ ናት። ከሥሯ በኩል ጭረት አለባት፤ ትናንት አልነበረችም። አዲሱ ጫማ ሳይልጣት አልቀረም። ማታ ታጥቤ በፋሻ ላስረው ነበር፤ ካልዳነ ሰኞ ለምናለ አሳየዋለሁ።»

ጁማና እግሩን አነሣችና አየች። ጭረቷ አለች፤ ከፀጉር ትንሽ የምትወፍር። እግሩ ጭኗ ላይ ይህን ያህል ሲቆይ እሷ አላየቻትም ነበር።

«በምን አየሽው?»

«በመስታወትሽ። በየቀኑ ነው የማየው። መስታወትሽን ግን ትተሽልኝ ትሄጃለሽ።»

 ጁማና አንገቷን ደፋች። «ወላሂ ብዬ ምያለሁ፣ እማ። እንዴት አድርጌ ልሂድ?»

እዚህ ላይ ሸህ ሷሊህ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከሳማው ጀምሮ የሚያውቁት ነገር ሲጠየቅ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

«ለመሐላ ከፋራ አለው። መሐላሽን ትተሽ የተሻለውን ማድረግ ከፈለግሽ አሥር ሚስኪን ታበያለሽ። አበቃ።»

«አሥር ሚስኪን?» አለች በለጡ። «ሰኞ ካልሄደች ወሩ ያልቃል፤ እስከ ነገ ከየት ይመጣል?»

«እንዳትቸገሩ፣ እኔ አለሁ» አሉ አያ አራጌ።

«እርስዎ ሃያ ቀፎ ያለዎት ሰው ሚስኪን ነዎት?»

«ጆሮዬን እዪው እስቲ!»

ሸህ ሷሊህ የአያ አራጌን ጆሮ በጥሞና አይተው አልተቀበሉትም። እሑድ ዘሊካና በለጡ ትልቁን ድስት ጣዱ፤ ዘሊካ ከእሳቱ ራቅ ብላ፣ ጫማዋን አድርጋ በትእዛዝ ብቻ ሠራች። መስጊዱ በር ላይ የሚቀመጡት ድሆች ተጠርተው በሉ፣ መረቁም። አንደኛው ሽማግሌ ምክንያቱ ሲነገራቸው መጉረሳቸውን አቁመው «በእግር ጣት ምክንያት የበላሁት ይህ የመጀመሪያዬ ነው» አሉ። ከመሄዳቸው በፊትም ለደነዘዘ እግር የጅብ ቅባት እንደሚበጅ ነገሯት። ዘሊካ አመሰገነቻቸው፤ የት እንደሚገኝ ግን አልጠየቀችም።

ሰኞ ማለዳ ሁሉም መናኸሪያ ወረዱ። ብርዱ ይቆርጣል። ረዳቱ «ደሴ! ደሴ!» እያለ ይጮኻል። ዘሊካ የልጇን ሻርፕ አስተካከለች፣ መልሳ አበላሸችው፣ እንደገና አስተካከለችው።

«ጠዋት ጠዋት እደውላለሁ» አለች ጁማና። «መጀመሪያ የምጠይቅሽ ስለ እግርሽ ነው።»

«ዓይኔን ገልጬ እመልስልሻለሁ። ነይ ግቢ፣ ወንበር እንዳይዙብሽ።»

ጁማና ገብታ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። ሸህ ሷሊህ ለመንገዱ ዱዓ ሊያደርጉ ተከትለዋት ወጡና በመተላለፊያው መሃል ቆመው እጃቸውን ዘረጉ። ተሳፋሪው ሁሉ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ አሚን ይላል። ሸሁ ከንፈራቸው በመዳኑ ያለፈውንም ዱዓ ጭምር ማካካስ ፈልገው ሳይሆን አይቀርም፤ በመንገዱ ላይ ያለውን ጠመዝማዛ፣ ዳገትና ድልድይ ሁሉ በየስሙ እየጠሩ ሄዱ። ሾፌሩ ሰዓቱን አየ። ሞተሩን አስነሣ። ረዳቱ ከውስጥ ሆኖ በሩን ዘጋው።

«ኧረ ሸሆቹ! ሸሆቹ ውስጥ ናቸው!» ብላ በለጡ እየጮኸች ሮጠች።

አውቶቡሱ ዳገቱን ሲይዝ በኋላው መስታወት የሸሁ ነጭ ጥምጣምና የተዘረጉ እጆቻቸው ታዩ። አጠገባቸው ጁማና እጇን ታውለበልብ ነበር፤ ትስቅ ይሁን ታልቅስ ከሩቅ አይለይም።

ጁማና ሄደች። ሸህ ሷሊህም ዱዓቸውን ሳይጨርሱ በመንገዱ ላይ እስካለችው እስከ አቀስታ ሄዱ። ዘሊካ፣ በለጡና አያ አራጌ ቀሩ።